ወለድ አልባው ካርድና የማይጠራው ስም

ኩልዚራ ብድር የሚባል ነገር ፈርታ የኖረች ሴት ናት። አባቷ ሲሞት የተወላት ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ ወለድ ያለበትን ገንዘብ በእጅሽ አትንኪ የሚል። ሃይማኖቷም የሚያዘው ይህንኑ ስለሆነ ምክሩ ከብዷት አያውቅም። በታራዝ ከተማ ትልቁ ገበያ፣ በጨርቅ ሻጮች መደዳ፣ ከኡይጉሯ ጓደኛዋ ከሬይሀንጉል ጋር ጠባብ ሱቅ ተከራይታ መጋረጃ ትሰፋለች። ባሏ ሴይልቤክ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ወገቡ ሲከዳው የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። እሱ የሚያመጣው ለከሰልና ለመድኃኒት ይውላል፤ የቀረውን ጎዶሎ ሁሉ የምትሞላው እሷ ናት።

ይህች ወለድ ፈሪ ሴት እንዴት ባለ ካርድ ሆነች ቢባል፣ ነገሩ የጀመረው በአሮጌው የስፌት መኪናዋ ነው። መኪናው ክር እየበጠሰ ደንበኛ ሲያርቅባት፣ ባንኩ በየሱቁ ደጃፍ የለጠፈውን የግዢ ካርድ ማስታወቂያ አየች። ያለ ወለድ፣ በአሥራ ሁለት ወር ይላል። አላመነችም። የሰፈሯ መስጊድ ሄዳ ኢማሙን ጠየቀች።

"ዋጋው በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት ካልበለጠ፣ ቀኑንም ካላሳለፍሽ ክፉ ነገር አላይበትም" አሏት። "ቀኑን ካሳለፍሽ ግን ልጄ፣ በሩ የሚያስገባሽ ወደ ሌላ ቤት ነው።"

ካርዱን አወጣች፤ አዲስ የስፌት መኪናም ገዛችበት። የካርዱ ሕግ ቀላል ነው። የተገዛው ዕቃ ዋጋ ለአሥራ ሁለት ይካፈላል፤ በየወሩ በአሥራ አምስት ድርሻው ይገባል። ቀን ካለፈ ቅጣት አለ። ወር ሙሉ ካለፈ ደግሞ "ያለ ወለድ" የሚለው ቃል ይነሣና፣ የቀረው ዕዳ ሁሉ እንደማንኛውም ብድር ወለድ ይቆጥራል። ኩልዚራ ይህን ጥርት አድርጋ ታውቃለች። የስፌት ገንዘብ እጇ እንደገባ፣ ዳቦ እንኳ ሳትገዛ የካርዱን ድርሻ ታስገባ ነበር። ግማሹን ዕዳ እንዲህ አድርጋ ሳትሰናከል ከፈለች። አዲሱ መኪና ክሩን እየዋጠ ሲሮጥ፣ በየስግደቷ ማብቂያ ስሙን ጠርታ አላህን የምታመሰግንበት ነገር ሆነላት።

በመከር ወራት አንድ እሑድ የሴይልቤክ ታላቅ እህት ኡልመከን መጣች። ይህን ስም እዚህ የሚጠራው ተራኪው ነው እንጂ ኩልዚራስ አትጠራውም። በእኛ ዘንድ ምራት የባሏን ታላላቆች በስማቸው አትጠራም። በገባች ሰሞን ራሷ ስም ታወጣላቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ እስክትሞት በዚያው ነው። ኩልዚራ ስትዳር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የባሏ እህት ያኔ ቀጭን ወገብና ረጅም ጉንጉን ስለነበራት "እትዬ ሸጋ" አለቻት። ወገቡ ከጊዜ ጋር ሄደ፣ ጉንጉኑም ሳሳ፤ ስሙ ግን ጸና። እትዬ ሸጋ እናታቸው የሞተች ጊዜ ሴይልቤክን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናትና በዚያ ቤት ቃሏ መሬት አይወድቅም።

ሻይ በወተት ተቀዳ። እትዬ ሸጋ አንድ ጊዜ ፉት ብላ ጽዋውን አስቀመጠች።

"ጉልባርሺንን ጠይቀውልኛል። ጨዋ ቤተሰብ ናቸው።"

"እሰይ! አላህ ይባርከው!" አለች ኩልዚራ።

"አሚን። ግን ልጄን ባዶ እጇን አልሰዳትም። ምንጣፉ አለኝ። ፍራሹንም ብርድ ልብሱንም ራሴ ሰፍቼዋለሁ። የቀረኝ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ ነው። የትልቁ ልጃቸው ሚስት በር የሚያህል ማቀዝቀዣ ይዛ ገብታለች አሉ። ታዲያ የኔ ልጅ ከሷ አንሳ ትታይ?"

ሴይልቤክ የሻይ ጽዋውን ውስጥ ውስጡን ማየት ጀመረ።

"የኔ ባንክ እንደሆነ ፊቱን አዙሮብኛል" ብላ ቀጠለች። "ለባሌ ወንድም ልጅ መኪና በስሜ በብድር ወሰድኩለት። እሱ ይነዳል፣ እኔ እቀጣለሁ። ያንቺ ካርድ ግን ንጹሕ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"ባልሽ ነዋ!"

ሴይልቤክ ጽዋው ውስጥ ሊሰጥም ምንም አልቀረው።

"በየወሩ በአሥር እልክልሻለሁ። ጡረታዬ የሚገባው በስምንት ነው። ያንቺ ቀን ሳይደርስ ገንዘቡ እጅሽ ላይ ነው። ምን ያስቸግራል ኩልዚራዬ? ወለድ እንደሆነ የለው!"

ምራት ለባሏ ታላቅ እህት "እምቢ" የምትልበት ቃል አልተሰጣትም። ኩልዚራ "እሺ" አለች። ሰው "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ይላል። እሷ ግን ገደሉን አይታዋለች። አይታው፣ በዘመድ ፊት ወደኋላ ማለት አሳፍሯት ነው የገባችበት።

ማቀዝቀዣው በሰርጉ ዕለት ቀይ ሪባን ታስሮለት ከምንጣፎቹ ጋር ተደረደረ። የሙሽራው አክስቶች አንድ በአንድ በሩን ከፍተው ቀዝቃዛውን ባዶነት አዩ፣ ዘጉ፣ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። እትዬ ሸጋ አንገቷ ረዘመ። ኩልዚራም ከሴቶቹ ጋር እልል ስትል ዋለች። ከእልልታው በታች ግን በወር አርባ ሺህ ተንጌ፣ በወር አርባ ሺህ ተንጌ የሚል ድምፅ ልቧን ይመታት ነበር።

የመጀመሪያው ወር ገንዘብ በአሥር መጣ። የሁለተኛው በአሥራ ሦስት። የሦስተኛው ግማሹ ብቻ መጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው "የሚቀጥለውን ወር ደርቤ እልካለሁ፣ አታስቢ" የሚል የድምፅ መልእክት ነው።

ኩልዚራ ልታስታውሳት ቆረጠች። ሱቁ ውስጥ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ መናገር ጀመረች።

"እትዬ ሸጋ፣ አሰላሙ አለይኩም! ደኅና ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ ቅባት ረዳዎት? በጎቹስ? እናንተ ጋ በረዶው በረታ? ጉልባርሺንስ ደኅና ናት? አማቾቹስ? እኛ ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እና... አንድ ነገር... በሉ እንግዲህ ደኅና ይሁኑ፣ ጉልበትዎን አያብርዱት።"

ከጀርባዋ የሬይሀንጉል የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

"አንቺ ሴት፣ የበጎቹን ጤና ጠየቅሽ። የማቀዝቀዣውን ጤና የምትጠይቂው መቼ ነው?"

"በሚቀጥለው እነግራታለሁ።"

"በሚቀጥለው ተራው የዶሮዎቹ ነው።"

"ተይ አታስቂኝ። የባሌን ታላቅ እህት 'ገንዘቤን ውለጂ' ልበላት?"

"የለም፣ ዝም በያት። ባንኩም እንዳንቺ ጨዋ ከሆነ የቅባቱን ነገር ጠይቆሽ ይመለሳል።"

"ያንቺ አፍ ደግሞ!"

"ያሳረፈኝ አፌ ነው። አማቴ ብድር ስትጠይቀኝ 'እሺ፣ የወርቅ ጥርስዎን ያስይዙኝ' አልኳት። ዓመት ሙሉ ፊቴ አልሳቀችም።"

ሁለቱም እየሳቁ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ቀኑ ግን አይስቅም። አሥራ አምስት ሲደርስ ኩልዚራ የራሷንም የእትዬ ሸጋንም ድርሻ ከስፌት ገንዘቧ አስገባች። ቦርሳዋ ባዶ ቀረ። በማግስቱ ሩዝና ዘይት የምትገዛበት ስላልነበራት በካርዱ ገዛች። ክርና ገበርም አለቀ፤ እሱንም በካርዱ። ይህም ያለ ወለድ ነው። ይህም ለአሥራ ሁለት ይካፈላል። በሚቀጥለው ወር ግን የሚገባው ድርሻ የሩዙ፣ የዘይቱና የክሩ ተጨምሮበት ከፍ ብሎ ጠበቃት። እሱን ስትከፍል ቦርሳዋ ይበልጥ ሳሳ፤ ቦርሳዋ ሲሳሳ ካርዱን ይበልጥ አወጣች። ዛሬ በልታ የምትጨርሰው ሩዝ በሚመጣው መከር ገና ሲከፈል ይኖራል።

ማንም አላታለላትም። ባንኩ በዋጋው ላይ አንዲት ተንጌ አልጨመረባትም። የምትከፍለው ሁሉ የራሷ ዕዳ ነው፣ በስሟ የተጻፈ። እንደ ውኃ መቅጃ በሬ አንዱን ጉድጓድ እየዞረች ትራመዳለች፤ ርቃ የሄደች ይመስላታል፣ ቀና ስትል ያው ጉድጓድ ነው። ስታወጣ እንጂ ስታተርፍ የማታይበት ሥራ ጣቷን ያደነዝዛት ጀመር። አንድ የደንበኛ መጋረጃ ገልብጣ ሰፍታ እንደገና ፈታችው።

"ለምን አንተ አትነግራትም?" አለችው ባሏን አንድ ጠዋት።

"በጀርባዋ ያዘለችኝን ሴት?"

"እኔንስ ማን ይዘለኝ?"

ሴይልቤክ ወገቡን ይዞ ተነሣና ወደ ሥራው ሄደ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱም ከሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበታል፤ ልዩነቱ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መቀመጡ ነው።

ብርዱ በጠናበት ወር መጋረጃ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። አሥራ አምስተኛው ቀን መጣና አለፈ። ኩልዚራ የምታስገባው አልነበራትም። ቅጣቱ ወዲያው ታከለ። ከባንኩም መልእክት ደረሳት፤ እስከሚቀጥለው አሥራ አምስት የተጠራቀመውን ካላስገባች ያለ ወለድ የሚለው ውል ይቋረጣል፣ የቀረው ዕዳ ሁሉ ወለድ ይቆጥራል። አንብባ ስትጨርስ የኢማሙ በር ትዝ አላት። እጀታው እጇ ላይ ነው።

ባንክ ቤት የተቀበለቻት ወጣት ሠራተኛ የዋህ ነበረች። "እናቴ፣ አይጨነቁ" አለቻት። "ዕዳውን ሰብስበን ወደ መደበኛ ብድር እናዛውርልዎት። ጊዜው ይረዝማል፣ የወሩ ክፍያ ይቀንሳል።"

"ወለድ አለው?"

"አለው። ግን ያቀልልዎታል።"

"ልጄ፣ እጄን ያቀልልኝ ይሆናል፤ ልቤን ግን ያከብድብኛል። ትንሽ ላስብበት።"

ልጅቷ ግዢዎቹን አየችና "ማቀዝቀዣውና ማጠቢያው እርስዎ ቤት ነው ያለው?" አለች።

"አይደለም። የባሌ እህት ናት ያስገዛችኝ።"

"ስማቸው ማን ነው?"

ኩልዚራ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ልጅቷ ወዲያው ገባትና ሳቀች። "ይተዉት፣ ገብቶኛል። እኔም የባሌን ወንድም 'ጌታው' ነው የምለው። አንድ ቀን እዚህ መጥቶ መታወቂያውን ሲሰጠኝ እውነተኛ ስሙን አይቼ የማን ነው አልኩ።" ኩልዚራም ሳቀች። "ለነገሩ ስማቸው ለኛ አይጠቅመንም፣ እናቴ። እኛ ጋ ያለው ስም የእርስዎ ብቻ ነው።"

ልጅቷ ይህን ያለችው ልታጽናናት ነው። ኩልዚራ ግን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይህንኑ ቃል ይዛ ሄደች። የአንደኛዋ ስም እንዳይነካ በክብር ተሸፍኖ ተቀምጧል። የሌላዋ ስም በሰው ማቀዝቀዣ ላይ፣ በሰው ማጠቢያ ላይ፣ አሁን ደግሞ በወለድ ላይ ሊጻፍ ነው።

ዓርብ ዕለት ሱቁን ለሬይሀንጉል ትታ ሰገደች። "ጌታዬ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ፤ ክፉ ቃል ግን አታስወጣኝ" አለች። ከዚያ እትዬ ሸጋ ወዳለችበት መንደር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች።

ስትደርስ ቤቱ እንግዳ ሞልቶበታል። የጉልባርሺን አማት ከሁለት እህቶቿ ጋር መጥታ፣ የተቀቀለ የፈረስ ሥጋ በትልቅ ሳህን ቀርቦ ይበላል። እትዬ ሸጋ ኩልዚራን ስታይ ለአፍታ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን "ይኸው ምራታችንም መጣች! ነይ፣ ሻዩን ቅጂልን" አለች። ኩልዚራ ካፖርቷን አውልቃ ምራት በምትቀመጥበት ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሻይ መቅዳትም ጀመረች። የጉልባርሺን አማት ስለ ማቀዝቀዣው እያነሣች ታመሰግናለች፤ እትዬ ሸጋም "ለልጄ ምን ይሠሠታል" ትላለች። በእንግዳ ፊት ሰው አይዋረድም። ኩልዚራ ጥርሷን ነክሳ ቀዳች።

እትዬ ሸጋ ሥጋ ለመጨመር ወደ ውጪው ቀዝቃዛ ክፍል ስትወጣ ተከተለቻት። የክረምት ሥጋ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ሁለቱም ሲተነፍሱ ጭስ ይወጣል።

"እትዬ ሸጋ፣ አንድ ነገር..."

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እንግዳ ይሂድ እንነጋገራለን። ጉልበቴ እኮ ኩልዚራዬ፣ በዚህ ብርድ..."

ሥጋውን ይዛ ዞረች። በሩን ልትገፋ እጇን ዘረጋች።

"ኡልመከን!"

እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብላ ዞረች፤ የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ የጠራት መሰለች።

"ምን አልሽ?"

"ስምዎን ጠራሁ።" አለች ኩልዚራ። "ባንክ ያለው ስም የኔ ብቻ ነው። በአሥራ አምስት ወለድ ሊቆጠርብኝ ነው። አላህን በምፈራው መጠን እርስዎን ፈርቼ ኖርኩ። ይቅር ይበለኝ፣ የኔ ጥፋት እሱ ነው።"

"ሠላሳ ዓመት ያከበርሽውን ስሜን በማቀዝቀዣ ለወጥሽው?"

"አልለወጥኩትም። ሌላ የምይዘው ነገር አጣሁ።"

እትዬ ሸጋ ከዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ሥጋው ጭኗ ላይ ነው። "ጡረታዬ የዚያን የባሌን ወንድም ልጅ መኪና ቅጣት ይከፍላል" አለች ወለሉን እያየች። "ሳይደርሰኝ ነው የሚቆረጠው። አንቺስ እኔን ጠራሽ። እኔ ማንን ልጥራ?"

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ከውስጥ የእንግዶቹ ሳቅ ይሰማል። እትዬ ሸጋ ተነሣች፣ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ "ሻዩ ቀዘቀዘ" ብላ ገባች። ኩልዚራም ገብታ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ቀዳች። ሲመሽባት ባዶ እጇን ተመለሰች።

ወሬው ተከትሏት ገባ። ቀዝቃዛው ክፍል በር ስስ ነው መሰል፣ በሳምንቱ ዘመድ ሁሉ "ምራቲቱ ስም ጠራች" ይላል። ሴይልቤክ ከሥራ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"በሰው ፊት?"

"ብቻችንን ነበርን።"

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሠሪያ ፈታ። "እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ" አለ በመጨረሻ። "እኔ ብናገር ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር።" በማግስቱ የሥራ ተረኝነቱን ለውጦ ወደ እህቱ ሄደ። ምን እንደተነጋገሩ አልተናገረም። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እትዬ ሸጋ ከክረምት ሥጋዋ የቀረውን አብዛኛውን ለጎረቤቶቿ ሸጣ፣ የመኪናውንም ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዳ ቁልፉን ተቀብላዋለች፤ እስኪከፍል አይነዳም። ገንዘቡ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሴይልቤክ ኪስ ውስጥ ነበር። መልእክትም ነበረው።

"'ገንዘቡን ስጣት' ብላለች። 'እሷን ግን ማየት አልፈልግም' ብላለች።"

ኩልዚራ ቀኑ ሳይደርስ የተጠራቀመውን ከነቅጣቱ አስገባች። ውሉ ሳይቋረጥ ቀረ። ገርበብ ያለው የኢማሙ በር ተዘጋ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በተቆራረጠ ጨርቅ መካከል፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ አመሰገነች። ሬይሀንጉል እንኳ ያን ጊዜ አልቀለደችም።

ነጻ ወጣች ማለት ግን አይደለም። የቀሩት ወራት ይቀራሉ። በዘመድ ድግስ ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ እትዬ ሸጋ ከሷ እጅ ሻይ አትቀበልም፣ በሌላ ሰው እጅ ታስመጣለች። ገንዘቡ ግን በየወሩ ከነሰላምታው ባይሆንም ይመጣል። ኩልዚራም በካርዱ ሩዝ መግዛት ተወች። ሬይሀንጉል ያበደረቻትን ጥሬ ገንዘብ ይዛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሾርባ ብቻ እየበሉ፣ ቀስ በቀስ ከጉድጓዱ ዳር ራቅ ማለት ጀመሩ። እሷ ይህንንም ከጸጋ ቆጥራዋለች። ሾርባውን ስትጠጣ "ይህ የዛሬ ነው፣ የተከፈለ ነው" ትላለች።

በረዶው ሲቀልጥ ወደዚያች የባንክ ሠራተኛ ተመለሰች።

"እናቴ፣ ክፍያዎ ተስተካክሏል፤ ደስ ይላል" አለቻት ልጅቷ። "የካርድዎን የግዢ ጣሪያ ከፍ እናድርግልዎት? አሁን እስከ እጥፉ መግዛት ይችላሉ።"

"ዝቅ አድርጊልኝ። ከቀረው ዕዳ አንዲት ተንጌ እንዳያልፍ።"

ልጅቷ ግራ ተጋባች። "እናቴ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከፍ አድርጊልኝ ነው የሚለው። ዝቅ ካደረግነው ምንም መግዛት አይችሉም እኮ።"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

"ግን ለምን?"

ኩልዚራ ካርዱን በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "የሴይልቤክ ዘመድ ብዙ ነው፣ ልጄ። በመከር ሁለት ሰርግ አለ። እኔ ደግሞ አንዴ ተናገርኩ እንጂ ሁለተኛ የምናገርበት አፍ ያለኝ አይመስለኝም። እምቢ ማለቱን ለካርዱ ተይለት።"